ሽማግሌዎቹ ለልጆች የጠየቁት፦ የካናዋኬ ትምህርት ቤቶች የስኳር በሽታ መከላከያ ፕሮጀክት የጉዳይ ጥናት

በ1985 ሁለት የቤተሰብ ሐኪሞች፣ ሉዊስ ሞንቱርና አን ማኮሌይ፣ በሚሠሩባት፣ ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የሞሃውክ ሕዝብ በሚኖርባት የካናዳ መንደር በካናዋኬ፣ ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 64 ዓመት ከሆነ ነዋሪዎች መካከል 12 በመቶዎቹ ዓይነት 2 የስኳር በሽታ እንዳለባቸው የሚያሳይ ጥናት አሳተሙ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህም ከተቀረው የካናዳ ሕዝብ እጥፍ ያህል ነበር። እንደ ብዙዎቹ መሰል ጥናቶች ቢሆን ኖሮ ነገሩ በመጽሔት ገጽ ላይ ተጀምሮ እዚያው ባበቃ ነበር። ሐኪሞቹ ግን በ1987 ያገኙትን ውጤት ይዘው ወደ ተጠናው ሕዝብ ተመለሱ፤ ምን እንዳዩና ምን እንደሚያሰጋቸውም አስረዱ። ካዳመጧቸው ሰዎች መካከል ሽማግሌዎቹ ከራሳቸው ሕመም አልፈው በሽታው በልጅ ልጆቻቸው ላይ እንዳይደገም አንድ ነገር እንዲደረግ ጠየቁ።

ይህ ጥያቄ ትምህርት ቤት እስኪገባ ሰባት ዓመት ፈጅቷል። ከገባ በኋላ የሆነው ነገር የስፖርት ሕክምናን፣ የሕፃናትን ጤናና የአንድን ሕዝብ በራስ የመወሰን መብት የሚያገናኝ በመሆኑ፣ ነባር ሕዝቦች ከሚኖሩበት አገር ርቀው ላሉ መምህራንና የጤና ባለሙያዎችም ቢሆን በዝርዝር ሊታይ የሚገባው ይመስለኛል።

ወንዙና ብረቱ

ካናዋኬ ከሞንትሪያል በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ከሴንት ሎውረንስ ወንዝ ማዶ የምትገኝ የሞሃውክ ሕዝብ ግዛት ናት። ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው ካንየንኬሃካ ብሎ ሲሆን ትርጉሙ የባልጩት ድንጋይ አገር ሰዎች ማለት ነው። ወንዶቹ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በድልድይና በሰማይ ጠቀስ ሕንፃ የብረት ሥራ ስማቸው ገንኗል፤ ለዚህ ዝና የከፈሉት ዋጋም ከባድ ነው። በ1907 የኩቤክ ድልድይ ሲደረመስ ከሞቱት 75 ሠራተኞች 33ቱ ከዚህች አንዲት መንደር የሄዱ ነበሩ። ጫፉ ላይ መረብ ባለው በትር ኳስ የሚቀባበሉበት ላክሮስ የሚባለው ጨዋታም ለእነርሱ ከጨዋታ በላይ የሥርዓትና የፈውስ ትርጉም ያለው የአያት ቅርስ ነው። እንዲህ ያለው ሕዝብ ከእንቅስቃሴ ማነስ ጋር በተያያዘ በሽታ መጠቃቱን ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

በ1950ዎቹ የካናዳ መንግሥት ትልልቅ የጭነት መርከቦች ወደ ታላላቆቹ ሐይቆች የሚዘልቁበትን የውኃ መንገድ ለመሥራት የካናዋኬን የወንዝ ዳር መሬት ወሰደ። መንገዱ በ1959 ሲከፈት፣ ዓሣ የሚጠመድበትና ልጆች ሲዋኙ የሚያድጉበት ዳርቻ ከመንደሩ በቦይ ተቆርጦ ቀረ። ለበሽታው መንስኤ ይህ ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ የእርሻና የአደን መቀነስ፣ ከሱቅ የሚገዛ ምግብ መብዛት፣ መኪናና ቴሌቪዥን የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሆኖም ስለ ነባር ሕዝቦች የስኳር በሽታ ሲጻፍ የሰዎቹ ደምና ዘር ብቻ እየተነሣ፣ ከእጃቸው የተወሰደው መሬትና ውኃ ሲዘለል ማየት ያሳዝናል። የሚንቀሳቀስ ሰውነት የሚንቀሳቀስበት ስፍራ ይፈልጋል።

ስፖርቱ ግን ከካናዋኬ ፈጽሞ አልጠፋም ነበር። በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የመንደሩ ልጅ አልዊን ሞሪስ ከሂው ፊሸር ጋር በሁለት ሰው ካያክ የ1,000 ሜትር ቀዘፋ ወርቅ፣ በ500 ሜትር ደግሞ ነሐስ አግኝቷል። በሽልማቱ መድረክ ላይ የንስር ላባ ከፍ አድርጎ የያዘው ያሳደጉትን አያቱንና ሕዝቡን ለማክበር ነበር። ከዚያ በኋላም ወጣቶች ስፖርትንና ትምህርትን አጣምረው እንዲይዙ ሲሠራ ኖሯል። የሐኪሞቹ ጥናት የታተመው ከዚህ ድል አንድ ዓመት በኋላ መሆኑ የሚያስተምረው ነገር አለ። አንድ ማኅበረሰብ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ማፍራቱና በዚያው ማኅበረሰብ ያለ ተራ ተማሪ በየቀኑ ሰውነቱን ማንቀሳቀሱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ተሰጥኦ ያለውን መርጦ ያወጣል፤ ሁለተኛው ማንንም ሳይመርጥ የክፍሉን ልጆች ሁሉ ይመለከታል። ስኳር በሽታን የሚከላከለው ሁለተኛው ነው።

ጊዜው የመተማመን ጊዜ አልነበረም

የሽማግሌዎቹ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ የ1990 በጋ መጣ። ኦካ የተባለች ከተማ የሞሃውኮች የመቃብር ስፍራ ያለበትን የጥድ ደን ቆርጣ የጎልፍ ሜዳ ለማስፋት በመነሣቷ የተቀሰቀሰው ግጭት 78 ቀናት ቆየ። የካናዋኬ ሰዎችም ለወገኖቻቸው በመቆም ወደ ሞንትሪያል የሚያሻግረውን የመርሲየ ድልድይ ዘጉ፤ የአገሪቱ ጦር ተሰማራ። በመጨረሻው ቀን ታናሽ እህቷን ይዛ ስትወጣ የነበረች የ14 ዓመት ልጅ፣ ዋኒክ ሆርን ሚለር፣ ደረቷ ላይ በወታደር ሳንጃ ተወጋች። ይህች ልጅ በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የካናዳ የውኃ ፖሎ ቡድን ተባባሪ አምበል ሆና ተሰልፋለች።

ከእንዲህ ያለ በጋ በኋላ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች መጥተው የልጆችን ክብደት እንመዝን፣ ስባቸውን እንለካ ቢሉ ቀላል ጥያቄ ሊሆን አይችልም። ከዚህም የቆየ ጠባሳ አለ። ከ1948 እስከ 1952 ባሉት ዓመታት በስድስት አዳሪ ትምህርት ቤቶች በነበሩ ወደ 1,000 በሚጠጉ የነባር ሕዝቦች ልጆች ላይ፣ ወላጆቻቸው ሳያውቁ፣ የሥነ ምግብ ሙከራ ተካሂዷል፤ መራባቸው እየታወቀ ለንጽጽር ሲባል ምግባቸው ሳይሻሻል የቀሩ ነበሩ። የዚህ ሙከራ ዝርዝር ለሕዝብ በሰፊው የታወቀው በ2013 ቢሆንም፣ በነባር ሕዝቦች ዘንድ ለተመራማሪ ያለው ጥርጣሬ ከዚያ ብዙ ቀድሞ የተተከለ ነው። ስለዚህ በካናዋኬ የመጀመሪያው ሥራ ከልጆች ልኬት ይልቅ የዐዋቂዎች ድርድር ሆነ።

መምህሩ

በ1977 የኩቤክ መንግሥት ፈረንሳይኛን የትምህርትና የሥራ ቋንቋ የሚያደርግ ሕግ ሲያወጣ፣ የካናዋኬ ወላጆችና ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ለመማር ፈቃድ መጠየቅን አንቀበልም ብለው በ1978 የራሳቸውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ካናዋኬ ሰርቫይቫል ስኩል፣ ማለትም የህልውና ትምህርት ቤት፣ አሉት። አሌክስ ማኮምበር በዚህ ትምህርት ቤት በመምህርነትና በአስተዳዳሪነት ያገለገለ፣ ከድብ ጎሳ የሚወለድ የካናዋኬ ልጅ ነው። በኋላ የስኳር በሽታ መከላከያ ፕሮጀክቱን ከመሩት፣ ቀጥሎም ሌሎች ማኅበረሰቦችን ካሠለጠኑት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምና ትምህርት ክፍልም ረዳት ፕሮፌሰር ለመሆን በቅቷል። የሕክምና ዲግሪ የለውም፤ ሙያው ማስተማር ነው።

የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ሐኪሙ በሽታውን ያውቃል፤ ሆኖም ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ ሐኪም ቤት የሚሄደው ሲታመም ብቻ ነው። መምህሩ ግን ያንኑ ልጅ በዓመት ወደ 180 ቀናት ያህል ያገኘዋል፤ የእናቱን ቤት ያውቃል፤ ምሳ ዕቃው ውስጥ ምን እንዳለ ያያል፤ በሩጫ ወደ ኋላ ሲቀር ያፍር እንደሆነ ወይም ይስቅ እንደሆነ ያስተውላል። ከዚህም በላይ እንደ ህልውና ትምህርት ቤት ባለ ስፍራ የሠራ ሰው፣ ሕዝቡ በራሱ ውሳኔ የሠራውን ነገር እንደሚጠብቅ፣ ከላይ የወረደለትን ደግሞ የአምጪው በጀት ሲያልቅ እንደሚተወው ከትምህርት ቤቱ ታሪክ ተምሯል።

ስምምነቱ

ፕሮጀክቱ በ1994 በፌዴራል መንግሥት የሦስት ዓመት የምርምር ድጋፍ ተጀመረ። ማኅበረሰቡ ከማክጊልና ከሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ተጣመረ፤ ከትምህርት፣ ከጤና፣ ከመዝናኛ፣ ከማኅበራዊ አገልግሎትና ከቤተሰብ የተውጣጡ በጎ ፈቃደኞች ያሉበት የማኅበረሰብ አማካሪ ቦርድ ተቋቋመ። ቦርዱ ስሙ አማካሪ ቢሆንም ሥራው ከማማከር ያለፈ ነበር። የፕሮጀክቱን ራእይ የጻፈው እርሱ ነው፤ በዚያ ራእይ መሠረት የካናዋኬ ሰዎች ሁሉ ጤነኞች ናቸው፣ የስኳር በሽታም የለም። ሲነበብ ከእውነታው የራቀ ምኞት ሊመስል ይችላል። አንድ ውሳኔ እስከ ሰባተኛው ትውልድ ላሉት ምን ያመጣል ብሎ መጠየቅ የቆየ ሥርዓታቸው ለሆነ ሰዎች ግን ተገቢው ርቀት ይኸው ነው።

ከወራት ውይይት በኋላ የተጻፈው የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ፣ በእኔ ግምት፣ ከፕሮጀክቱ ሥራዎች ሁሉ የላቀው ነው። ደንቡ ማኅበረሰቡን፣ በማኅበረሰቡ ያሉትን ተመራማሪዎችና የዩኒቨርሲቲዎቹን ተመራማሪዎች እኩል አጋሮች አደረጋቸው። ጥያቄው ከመቀረጹ ጀምሮ ውጤቱ እስከሚተረጎም ድረስ ሦስቱም ይሳተፋሉ፤ ውጤቱን መጀመሪያ የሚሰማው የካናዋኬ ሕዝብ ነው፤ የሚሰበሰበው መረጃም በመጨረሻ ወደ ሕዝቡ ይመለሳል። አለመግባባት ቢፈጠርስ? ማንኛውም ወገን የሌላውን ጽሑፍ የማገድ መብት የለውም፤ ነገር ግን ያልተስማማው ወገን የራሱን ትርጓሜ በዚያው ጽሑፍ ላይ እንዲያክል መጋበዝ አለበት። ተመራማሪው ነጻነቱን ሳያጣ፣ ሕዝቡም በሌለበት እንዳይወራበት የሚያደርግ አንቀጽ ነው። በአገራችንም ከገጠር ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች መረጃ ወስደው ውጤቱን ይዘው የማይመለሱ ጥናቶች እንዳሉ ያየ ሰው የዚህን አንቀጽ ዋጋ ይገነዘባል።

ክፍል ውስጥና ሜዳ ላይ

ሥራው ያረፈው ካሮንህያኖንንሃና ካተሪ በተባሉት ሁለት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ነው፤ የመጀመሪያው በሞሃውክ ቋንቋ የሚያስተምር ነው። የካተሪ መታሰቢያ ሆስፒታል ባለሙያዎች ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች በየዓመቱ አሥር፣ እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ የሚወስዱ ትምህርቶች አዘጋጁ። ስለ ሰውነት አሠራር፣ ስለ ምግብ፣ ስለ እንቅስቃሴና ስለ ስኳር በሽታ የሚናገሩ ናቸው። ትምህርቱን የሚሰጡት ግን ሌላ ጊዜ ሒሳብና ንባብ የሚያስተምሩት የክፍሉ መምህራን ነበሩ። ነጭ ጋዋን የለበሰ እንግዳ በዓመት አንዴ መጥቶ ከሚያስፈራራ ይልቅ የዘወትር መምህር ደጋግሞ ቢናገር ይሻላል የሚለው ውሳኔ ከልምድ የመነጨ ነው።

አንድ ልጅ ስለ እንቅስቃሴ ምን ማወቅ አለበት? ሥጋውን እንደ ጥፋት እንዲቆጥር የሚያደርግ ትምህርት ጉዳቱ ያመዝናል። በስፖርት ሕክምና የታወቀው እውነት ለልጅም ቢሆን በቀላሉ ሊገለጽ ይችላል። ምግብ ስንበላ በደማችን ውስጥ የሚገባው ስኳር ወደ ጡንቻ የሚገባበትን በር የሚከፍተው ኢንሱሊን ነው፤ በዓይነት 2 የስኳር በሽታ ጡንቻው ለኢንሱሊን ጥሪ እየዘገየ ይሄዳል። የሚሠራ ጡንቻ ግን ኢንሱሊን ባይጣራም እንኳ ስኳሩን ከደም ይስባል፤ ከእንቅስቃሴው በኋላም ለሰዓታት ለኢንሱሊን የተሻለ ምላሽ ይሰጣል። ስለዚህ መሮጥ፣ መዝለል፣ መጨፈርና ላክሮስ መጫወት ክብደት ሳይቀንስም ይጠቅማል። ይህን የተረዳ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ወፍራሙን ልጅ ከዳር አያስቆመውም፤ የሩጫ ሰዓቱንም ከሌላው ጋር ሳይሆን ከራሱ ካለፈው ወር ሰዓት ጋር ያስተያይለታል።

ጉዳዩ አስቸኳይ እንደነበርም መዘንጋት የለበትም። ቀድሞ የጎልማሶች ብቻ ይባል የነበረው ይህ በሽታ በማኒቶባና በሰሜን ምዕራብ ኦንታሪዮ በነባር ሕዝቦች ልጆችና ታዳጊዎች ላይ መታየት የጀመረው በእነዚሁ ዓመታት ነበር።

ትምህርት ቤቶቹ ለስላሳ መጠጥ፣ ቺፕስና ከረሜላ የሚከለክል የምግብ መመሪያ ነበራቸው፤ ፕሮጀክቱ መመሪያው ከወረቀት አልፎ እንዲሠራ ደገፈ። በመንደሩ የእግር መንገድ ተሠራ፤ የእግር ጉዞና የቤተሰብ ዝግጅቶች ተካሄዱ፤ ለወላጆች የምግብ አሠራር ትምህርት ተሰጠ። ልጁ በትምህርት ቤት የሰማውን ቤቱ ሲሄድ ካላገኘው እንደሚረሳው ዐውቀው ነው ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ይህን ያህል የደከሙት።

የተገኘውና ያልተገኘው

ለንጽጽር የተመረጠችው በኦንታሪዮ የምትገኘው ሌላዋ የሞሃውክ ማኅበረሰብ፣ ቲየንዲናጋ፣ ነበረች። የልጆቹ ቁመትና ክብደት፣ ከቆዳ ሥር ያለው የስብ ውፍረት፣ በሩጫና በእርምጃ ፈተና የሚታይ ብቃት፣ የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ልማድ በየጊዜው ተመዘገበ። የስምንት ዓመቱ ውጤት በ2005 ሲታተም የያዘው መልእክት የተደባለቀ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከቆዳ ሥር ያለው ስብ የሚጨምርበት ፍጥነት በካናዋኬ ልጆች ላይ ረገብ ብሎ ታየ፤ በክብደትና ቁመት ምጣኔ ግን ለውጥ አልተገኘም። ከ1994 እስከ 1999 እንቅስቃሴና ብቃት ተሻሽሎ፣ ቴሌቪዥን ማየት ቀንሶ ነበር፤ በ2002 በተደረገው ልኬት ግን መሻሻሉ አልዘለቀም። ቅባትና ስኳር የሚበዛባቸው ዋና ዋና ምግቦች ቀነሱ፤ ፍራፍሬና አትክልትም አብረው ቀነሱ። በስምንቱ ዓመታት ውስጥ የልጆቹ ውፍረት በአጠቃላይ ጨመረ።

ይህን ውጤት አሳንሶም አግንኖም ማቅረብ ለልጆቹ አይበጅም። ከውጭ ሆኖ የሚፈርድ ሰው ፕሮጀክቱ ከሽፏል ሊል ይችላል፤ እኔ አልስማማም፤ ተሳክቷል ብዬም አልደመድምም። በዓመት ጥቂት ሰዓታት ትምህርትና አንድ የእግር መንገድ፣ በመላው ሰሜን አሜሪካ ልጆችን እያወፈረ ካለው የምግብ ንግድና የመቀመጥ ኑሮ ጋር ብቻቸውን ሊታገሉ አይችሉም፤ በዚያ ዘመን ብዙ ሀብት የነበራቸው ሌሎች የትምህርት ቤት ፕሮግራሞችም የሕፃናትን ክብደት መለወጥ ሲያቅታቸው ታይቷል። በሌላ በኩል ከ1999 በኋላ የታየው ማሽቆልቆል አንድ ግልጽ ነገር ያመለክታል፤ የልጅ እንቅስቃሴ እንደ ክትባት አንዴ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም፤ በ1994 የተማረው ልጅ በ2002 ክፍሉን ለሌላ ልጅ ለቅቋል፤ ለአዲሱ ልጅ ሁሉም ከእንደገና መጀመር አለበት። እዚህ ላይ እጅግ የማከብረው፣ ማኅበረሰቡ ይህን የማያስደስት ውጤት ቀድሞ ሰምቶ ሳይደብቀው በመታተሙ መስማማቱን ነው። ደንቡ የተፈተነው ያን ጊዜ ነው።

ገንዘቡ ካለቀ በኋላ

የፌዴራሉ ድጋፍ በ1997 ሲያበቃ፣ ብዙ ፕሮጀክቶች ቢሮ የሚዘጉበት ሰዓት ደረሰ። ካናዋኬ ከራሷ ተቋማትና ከግል በጎ አድራጊ ባገኘችው ገንዘብ ሥራውን አስቀጠለች። በ2001 ፕሮጀክቱ የስኳር በሽታ መከላከያ የምርምርና የሥልጠና ማዕከል ሆኖ አዲስ የምርምር ድጋፍ ስላገኘ፣ ከሌሎች የነባር ሕዝቦች ማኅበረሰቦች የሚመጡ ሰዎችን ማሠልጠን ጀመረ። የመምህሩ የማኮምበር ድርሻ የጎላው በዚህ ምዕራፍ ነው። ሥልጠናው የካናዋኬን ፕሮግራም እንዳለ ገልብጦ መስጠት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ማኅበረሰብ በራሱ ሽማግሌዎች፣ በራሱ ትምህርት ቤትና በራሱ ሜዳ የራሱን እንዲሠራ ማገዝ ነበር። ይኸው ሰው በኋላ የቤተሰብ ሕክምና ተማሪዎችን አስተምሯል፤ ከአንድ ሕዝብ ጋር አብሮ መመራመር ምን እንደሚጠይቅ ወደፊት ሐኪም የሚሆኑት ከመምህር ተምረዋል።

በካናዋኬ ጥናት ለማካሄድ የሚመጣ ተመራማሪም የአንድም ልጅ ቁመት ከመለካቱ በፊት በማኅበረሰቡ አማካሪ ቦርድ ፊት ይቀርባል፤ ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደመጣ፣ ያገኘውን ይዞ እንዴት እንደሚመለስ እዚያ ያስረዳል።